ከጆሮዬ ጀርባ ሊያርፍ የነበረ ብረት

በዚያ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግማሽ ፊቱ ወደ ደጅ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛለች። የአባቴ እህት እትዬ ብርቄ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ጉልበቴን ተጭናለች። አዴ ፋጡማ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የማጭድ ጫፍ የሚመስል ቀጭን ብረት በፍም ውስጥ ታገላብጣለች። እኔ መሐል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬአለሁ። ጠጉሬ ወደ ግራ ተሰብስቦ ታስሯል፤ ቀኝ ጆሮዬና ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ቆዳ ራቁቱን ቀርቷል። ብረቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዛሬ ጭሮ የምንላትን ከተማ አሰበ ተፈሪ እንላት ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በዋናው መንገድ ላይ ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። እኔ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፌ ሐረር ባለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቼ ነበር። ከክፍላችን ሴቶች ቦታ ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከመስቀል በፊት እዚያ መገኘት ነበረብኝ፤ በቀኑ ያልተገኘች ልጅ ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ ርዕሰ መምህሩ ለአባቴ በቃሉ ነግሮታል። የምሄደው በቅዳሜው አውቶብስ ነበር።

ሕመሙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በጳጉሜ፣ በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲወርድ እንደ ልማዳችን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወጥቶ ተጠመቀ። እኔም ነጠላዬን እንደለበስኩ ከነሱ ጋር ቆምኩበት። ዘመን በተለወጠ ማግስት ቀኝ ጆሮዬን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እናቴ አንድ ጊዜ አየችኝና «የጳጉሜ ውኃ ገብቶባታል» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት የፈለገ ሰው አልነበረም።

ጆሮዬ ውስጥ ለብ ያለ ቅቤ ተንጠባጠበ። የጤና አዳም ጭማቂ ተጨመረ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነጭ ሽንኩርት ተወተፈ። እትዬ ብርቄ ከጎረቤት አራስ ዘንድ ሄዳ የጡት ወተት በስኒ ይዛ መጣች። «ልጄን ትቼ ጆሮ ላጥባ? እያለች ነው የሰጠችኝ» አለች፤ ያንንም ጨመሩበት። ሕመሙ ከጆሮዬ ወደ ጉንጬ፣ ከጉንጬ ወደ ሰረሰሬ ሄደ። መስማትም እያቃተኝ መጣ፤ እሱ ግን ከተጨመረብኝ ነገር ብዛት ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፤ እናቴም ተከተለችን። ድሬሰሩ አቶ ንጉሤ ጆሮዬን በሞቀ ውኃ አጥቦ፣ በመብራት እያየ ብዙ ቆየና «ታምቡሩ ንጹሕ ነው። ይህች ልጅ ጆሮዋን አላመማትም» አለ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስባ ሸፍናኝ ነበር። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልተወችውም።

«ልጅቷ እንቅልፍ አጥታ፣ እሱ አላመማትም ይላል። ይሄም ሐኪም ተብሎ!»

እናቴን ክፉ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። ከእኔ በላይ አስካለ የምትባል ልጅ ነበረቻት። አስካለ ጆሮዋ መግል ሲያፈስ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንገቷ ተገትሮ ሞተች። እኔ አላስታውሳትም። እናቴ ግን «በጊዜ ብትተኮስ ኖሮ» ስትል ነው ያደግሁት። ስለዚህ ድሬሰሩ ጆሮዋ ደህና ነው ባለ ማግስት አዴ ፋጡማ ተጠራች።

አዴ ፋጡማ ወደ በደሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች መንደር የምትኖር፣ በእሳት የምታክም ሴት ናት። ከመሰላ ድረስ በበቅሎ እየመጡ ይወስዷት ነበር። እጇ የቀና ነው ይባልላታል። ገና እንደገባች ለእናቴ ያለችው ይህን ነው፦

«ከተኮስኳት በኋላ ነፋስ አያገኛትም፣ ፀሐይ አያገኛትም። ቁስሉ እስኪደርቅ ከቤት አትወጣም። መስቀል ይለፍ።»

እናቴ «እሺ» አለች። አባቴ ግማሽ ፊቱን ወደ ደጅ ያዞረው ይህን ሲሰማ ነው። ሐረር የሚል ቃል ከማናችንም አልወጣም። ብረቱ ቆዳዬን ከነካ ትምህርቱ እንደሚቀር ግን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሕመሙን ስከታተለው ነበር። ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ቆሎ ስቆረጥም ይብሳል፣ አጥሚት ስጠጣ ይተወኛል። ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ ተቆልፎ ያድራል። በጆሮዬ ተደግፌ ብተኛ አያመኝም፣ ጥርሴን ስነክስ ግን እንባዬ ይመጣል። በሳይንስ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ነበር። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገጥመው ልክ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ነው። ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ አፌን ስከፍትና ስዘጋ አጥንቱ ከጣቴ ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ሕመሙም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ለእናቴ ነግሬአታለሁ። «ጆሮውን ያመመው ሰው መብላትም ያመዋል» ብላ መለሰችልኝ።

እንግዲህ ለምን አንድ ሰው አፌን አላየም ትሉ ይሆናል። በቤታችን ሴት ልጅ አፏን ለሰው አታሳይም። ስትስቅ በነጠላዋ፣ ስታዛጋ በመዳፏ ትሸፍናለች፤ ጉርሻዋም ትንሽ ነው። የመንጋጋ ጥርሴን ከልጅነቴ ወዲህ ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላየሁትም። ድሬሰሩ እንኳ ክፈቺ አላለኝም። እናቴ ነጠላውን ይዛ አጠገቤ ቆማ፣ እንዴት ይበል?

አዴ ፋጡማ ብረቱን አውጥታ አየችውና መልሳ ፍም ውስጥ ከተተችው።

«ገና ነው» አለች። «ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ ልጄ። አንድ ጊዜ ጢስ ይላል፣ ከዚያ አለቀ።»

«ለማን ነው የሚያልቀው?» አለች እትዬ ብርቄ ጉልበቴን እንደተጫነች። «እኔን ወገቤን ስትተኩሺኝ ሳምንቱን በሆዴ ነው የተኛሁት።»

«ወገብሽ ግን ዳነ።»

«ዳነ። ጉልበቴ ውስጥ ገባ እንጂ።»

አባቴ ሊስቅ ፈለገና ተወው። እኔ ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«አዴ፣ ብረቱን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ጆሮዬን ይጎትቱት።»

«ዝም በይ!» አለች እናቴ፤ ጣቶቿ ጭንቅላቴ ላይ ጠበቁ።

አዴ ፋጡማ ሳቀች። «ብረት ሲቀላ ሁሉም ሕመሙ ቦታ ይቀይርበታል። በቀደም አንድ ጎልማሳ፣ ጢሙ እስከዚህ የደረሰ፣ ራሴን ብሎ መጣ። እሳቱን ሲያይ እግሬን ነው አለኝ። እግሩን ልይዝ ስል ደግሞ ሮጠበት!»

«እኔ አልሮጥም» አልኳት። «ጆሮዬን ይጎትቱት። ካመመኝ ይተኩሱኝ። ማንም ሳይዘኝ ራሴ አዘንብዬ እሰጥዎታለሁ።»

እንዲህ ያለ ንግግር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የምናገረውን ግን አውቅ ነበር። አዴ ፋጡማ ሳቋን አቆመች። ተነሥታ መጣችና ጆሮዬን በሁለት ጣቷ ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች ጎተተችው። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥላ በኃይል። ከጀርባውም በአውራ ጣቷ ተጫነች። ቅንድቤም አልተንቀሳቀሰም።

«አሁን እዚህ ላይ ጣትዎን ያድርጉ» አልኳትና ከጆሮዬ ፊት ያለውን ቦታ አሳየኋት። ጥርሴን ነከስኩ። እንባዬ በጉንጬ ላይ ወረደ። ልደብቀው አልሞከርኩም፤ እንድታየው ነበር የፈለግሁት።

«ያ አላህ» አለች ቀስ ብላ። «ሕመሙ እዚህ ነው የሚዘልለው።»

«ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ አዴ» አለች እናቴ። «አስካለም እስከ መጨረሻው ደህና ነኝ፣ እዚህ አይደለም፣ እዚያ ነው ስትል ነበር።»

አስካለ ከተነሣች በቤታችን የሚናገር ሰው አይኖርም። እኔም መናገሩ እንደማይረዳኝ ገባኝ። እጄን አንሥቼ ነጠላዬን ከፊቴ ላይ አወረድኩና የቻልኩትን ያህል አፌን ከፈትኩ።

እናቴ ወዲያው በመዳፏ ከደነችው። «አባትሽ ቆሟል!»

«ተያት» አለ አባቴ።

ከበሩ ላይ መጥቶ እኔንም በርጩማውንም አንድ ላይ አነሣና በሩ አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ውስጥ አስቀመጠኝ። የገበያ ቀን ነበር። ሴቶች የጫት እስር በራሳቸው ተሸክመው በደጃችን ያልፋሉ፣ ባለ አህያው ይጮኻል። አንዷ ቆማ «ምን ሆነች?» ስትል እትዬ ብርቄ «ዝንብ ዋጠች፣ ሂጂ!» አለቻት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ እንደገና ከፈትኩ።

«ጨምሪ» አለች አዴ ፋጡማ።

«አይጨምርም።»

«አይጨምርም?» አለችና ሁለት ጣቷን አንድ ላይ አድርጋ በጥርሶቼ መሐል ለማስገባት ሞከረች። አልገባም። አንዱ ብቻ ገባ። «ልብ በሉ» አለች ወደ አባቴ ዞራ። «የጆሮ ሕመም አፍ አይቆልፍም። እኔ ስንት ጆሮ አይቻለሁ።»

እጇን ታጠበች። «ቢስሚላህ» ብላ ትንሿን ጣቷን በጉንጬ በኩል እስከ መጨረሻው ሰደደችና ተጫነች። ያን ሕመም አልገልጸውም። በአፌ ውስጥ መራራና ጨው ጨው የሚል ነገር ፈሰሰ፤ ደጁ ላይ ተፋሁት። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየው። መግል ነበር።

«ኢልካን ነው፤ ጥርስ ነው» አለች አዴ ፋጡማ። «ከሁሉም ጀርባ አንዱ ሊወጣ ድዱን ሰንጥቆ ተጋድሟል። ድዱ አብጦ ተኝቶበታል።»

«ጆሮዋስ?» አለች እናቴ ከግድግዳው ሳትዞር።

«ጆሮዋ ጎረቤቱ ነው። የጎረቤትሽ ቤት ሲቃጠል ጢሱ አንቺ ቤት አይገባም?»

«ለማንኛውም ተኩሻት። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው ለዚሁ ነው።»

«ወላሂ አልተኩስም» አለች አዴ ፋጡማ። «የእህቷን ጆሮ እኔ አላየሁም፤ የሷን ግን አየሁ። የማቃጥለው ያመመውን ነው። ደህናውን ካቃጠልኩ ነገ ማን ይጠራኛል?» ብረቱን ከፍሙ አውጥታ በውኃ ገንቦ አፍ ላይ በነበረው ጣሳ ውስጥ ነከረችው። ጩኸቱና እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። እናቴ ያን ጊዜ ዞረች።

አዴ ፋጡማ ዕቃዋን ስትሰበስብ እንደማሰብ አለችና የራሷን መንጋጋ ከጆሮዋ ፊት ዳበሰች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። «እኔም በዚህ በኩል ጫት ስይዝ ጆሮዬ ይጮኻል» አለች። «ስንት ዓመት ዘይት ጨመርኩበት!»

«በል ያዛት፣ እሷን እንተኩሳት!» አለች እትዬ ብርቄ ለአባቴ። እናቴ እንኳ ፈገግ አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስንሄድ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እናቴ ነበረች። «አፏን እይልን» አለችው አቶ ንጉሤን። ነጠላዬን አልነካችም።

እሱም አየ። በመስተዋት ድጋሚ አየና ወደ አባቴ ዞሮ አንገቱን ነቀነቀ። «ጋሽ ታደሰ፣ ያን ዕለት ጆሮ ተብዬ ጆሮ አየሁ። ይሄ የአእምሮ ጥርስ ነው። በጎኑ ተኝቶ በቅሏል። መንጋጋዋን የቆለፈውም፣ ወደ ጆሮዋ የሚወረወረውም እሱ ነው።»

«ንቀለዋ» አለ አባቴ።

«አሁን እንዳበጠ አይነካም። ፔኒሲሊን እወጋታለሁ፣ ለብ ባለ የጨው ውኃ ትጉመጥመጥ፣ እብጠቱ ይቀንሳል። መንቀሉን ግን እኔ አልችለውም፤ ለተኛ ጥርስ የሚሆን መሣሪያ እዚህ የለም። ሐረር ትሂድ።»

«ሐረር» አለ አባቴ።

«ሐረር። ቶሎ ቢሆን ይሻላል፤ ሌላ ጊዜ ሲያብጥ ወደ አንገት ይወርዳል።»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ወለሉን አየች። «በቅዳሜው አውቶብስ ትደርሳለች?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት።

ቤት እንደገባን ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሻንጣዬን ስባ አወጣችና አቧራውን ጠረገችው። ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። የተናገረችው ስለ ጨው ነው፤ በጨርቅ ቋጥራ ከልብሶቼ መሐል አስገባችው።

ጥርሱ ሐረር ተነቀለ። ትምህርቴን እዚያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ተማርኩ። ተመልሼም በመሰላና በበደሳ፣ በኋላም በዚሁ በጭሮ አስተማርኩ። ጆሮውን ይዞ ከክፍሌ የሚወጣ ልጅ ሳይ መጀመሪያ የምለው «አፍህን ክፈት» ነበር። ብዙ ጊዜ የተበላ ጥርስ ነው። ጉንፋን ከያዘው ሰንብቶ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ጆሮው ከፈሰሰ፣ ያ እውነተኛ የጆሮ ሕመም ነውና ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ እልከዋለሁ። አስካለን የገደላት የዘገየ የጆሮ ሕመም እንጂ ያልተተኮሰ ቆዳ አልነበረም፤ ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ ግን ተቀብላኛለች።

እናንተ የምታነቡኝም፣ በተለይ የእኛ አገር ሰዎች፣ ይህን ያዙልኝ። ጫቱን ዕድሜ ልካችሁን በአንድ ጉንጭ ስትይዙ መንጋጋችሁ ከመገጣጠሚያው ላይ ይደክማል፤ ጆሮዬ ጮኸብኝ፣ ከጆሮዬ ሥር ቀጭ አለብኝ የምትሉት እሱን ነው። ሲያንቀላፋ ጥርሱን የሚያፋጭም ሰው ጠዋት ጆሮውን ይዞ ይነሣል። ጆሯችሁ ቢጎተት የማያምም፣ ስታኝኩ ግን የሚያምም ከሆነ ዘይቱን አስቀምጡና ጥርሳችሁንና መንጋጋችሁን አስዩ። ያመማችሁ ቦታና ሕመሙ የተነሣበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ልጆቻችሁንም፣ ሴቶቹን በተለይ፣ ለሐኪም አፋቸውን እንዲከፍቱ አስተምሯቸው። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያመኝን ቦታ ራሴ አሳያለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲገምትልኝ አልጠብቅም። በትዳሬም፣ በሥራዬም ያኖረኝ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ስለራሴ ማለት አልፈልግም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት አባቴ፣ እናቴና እትዬ ብርቄ ሸኙኝ። አባቴ ሻንጣውን ጣራው ላይ ለሚያስረው ሰው አቀበለ። እትዬ ብርቄ «ቆሎ እንዳትነኪ፣ ሐረርም ሆነሽ አይሻለሁ» አለችኝ። አውቶብሱ ከአዲስ አበባ በኩል ሞልቶ ስለመጣ ረዳቱ ይቸኩላል። ስሜአቸው ደረጃው ላይ አንድ እግሬን ሳነሣ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እስቲ ክፈቺ» አለች።

ማቆሚያው በሰው ተሞልቷል። ጫት ሻጮቹ፣ ወታደሮቹ፣ በየመስኮቱ ብቅ ያሉት መንገደኞች ሁሉ ያዩናል። ከፈትኩ። እናቴ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞረችና ሳትቸኩል፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ ውስጥ ድረስ አየች።

«እማማ፣ ጥርስ ገበያ ነው እንዴ? ሄድን!» አለ ረዳቱ በሩን እየደበደበ።

«ቆይ» አለችው። ሁለት ጣቷን አንድ ላይ አድርጋ በጥርሶቼ መሐል አስገባች። ገቡ።

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ፤ አፌን ግን አልሸፈነችውም። ወጣሁ። አውቶብሱ ተነሣ።